«ኤክስፒሪየንስ» ወደ ጀርመንኛ ሲገባ፦ ኤርፋሩንግ ወይስ ኤርሌብኒስ?

ሰማያዊ ብዕር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ እየተረጎምኩት ባለ ጽሑፍ ላይ አንድ ቃል ሦስት ቀን ሙሉ ይዞኛል። ጽሑፉ ጡረታ የወጣች አንዲት ነርስ ስለ ሥራ ዘመኗ የጻፈችው ነው። አብዛኛውን ዕድሜዋን ያሳለፈችው መዳን በማይችሉ ሕሙማን አልጋ አጠገብ ነው። ያስቸገረኝ ቃል «ኤክስፒሪየንስ» ነው፤ በአንድ አንቀጽ ውስጥ አራት ጊዜ ይመጣል። አንቀጹን ወደ አማርኛ መልሼ፣ ቃሉን ብቻ እንዳለ ትቼ ላስቀምጥላችሁ፦

«በእኔ ኤክስፒሪየንስ፣ ሕመምን እያንዳንዱ ሰው ኤክስፒሪየንስ የሚያደርገው በየራሱ መንገድ ነው። ያቺ ሌሊት ግን መቼም የማልረሳት ኤክስፒሪየንስ ነበረች። ከዚያ በኋላ ኤክስፒሪየንስ ያላት ነርስ ተብዬ መቆጠር ጀመርኩ።»

መዝገበ ቃላቱ ሁለት ስም ይሰጠኛል፤ ኤርፋሩንግ እና ኤርሌብኒስ። ሁለት ግስም አለ፤ ኤርፋረን እና ኤርሌበን። በመጀመሪያው ረቂቄ ስሙንም ግሱንም ከኤርፋሩንግ ቤት ብቻ ወሰድኩ። ነርሷ ቃሉን ሆን ብላ የደጋገመችው ስለመሰለኝ ድግግሞሹን ልጠብቅላት ብዬ ነው። ጀርመናዊት ጓደኛዬ አነበበችውና «ሰዋስዉ ምንም አይልም፤ ሴትዮዋ ግን አትሰማኝም» አለችኝ። ይህ አነጋገሯ ከብዶኛል። እናንተ ብትሆኑ እንዴት ታደርጉታላችሁ?

የቃል ዘመድ፦
እህቴ፣ ጥያቄሽ የብዙ ዓመት ወዳጄ ነው። እኔም በጀማሪነቴ ብዙ ለፍቼበታለሁ። መጀመሪያ እንግሊዝኛውንም ጀርመንኛውንም ለጊዜው አስቀምጪና በአፍ መፍቻሽ ጠይቂ፦ እዚህ ቦታ ላይ ብትሆኚ «ልምድ» ትያለሽ ወይስ «ገጠመኝ»?

የእኛ ቋንቋ ይህን ክፍፍል ድሮ ጨርሶታል። ልምድ ከለመደ የመጣ ነው፤ እየደጋገሙ በጊዜ ብዛት የሚያከማቹት ነገር። ገጠመኝ ደግሞ ራሱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ባለቤቱ ያ የሆነው ነገር ነው፤ እኔ የተገጠምኩት ነኝ። አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ የሆነ ነገር ነው እንጂ አይከማችም።

ጀርመንኛውም ሁለት መንገድ አለው። ኤርፋሩንግ ውስጥ ያለው ግስ ፋረን ነው፤ ዛሬ በተሽከርካሪ መሄድ ይሉታል፣ በጥንቱ ጀርመንኛ ግን ማንኛውም ጉዞ ነበር። ኤርፋረን ሲሉ አገሩን ዞሮ፣ ተጉዞ ማወቅ ማለታቸው ነበር። ኤርሌብኒስ ውስጥ ያለው ደግሞ ሌበን ነው፤ መኖር። ነገሩ ሲሆን እዚያው ሆኖ፣ በራስ ሕይወት አልፎ ማየት። ስለዚህ ከጉዞ በኋላ በእጅ የሚቀረው ኤርፋሩንግ፣ በዚያች ሰዓት የተኖረው ኤርሌብኒስ።

«ተሞክሮ» የሚለውንም አትርሺ። እሱ ከሞከረ ነው የመጣው፤ የእንግሊዝኛው ቃል የላቲን ሥርም ትርጉሙ መሞከር ነው። ሁለቱ ሳይተዋወቁ አንድ ሐሳብ ላይ መገናኘታቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ተሞክሮም ወደ ኤርፋሩንግ ይሄዳል።

ለእጅሽ ደግሞ፦ ኤርፋሩንግ አንስታይ ነው፣ ሲበዛ ኤርፋሩንገን። ኤርሌብኒስ ግዑዝ ጾታ ነው፣ ሲበዛ ኤርሌብኒሰ፤ በጽሑፍ መጨረሻው ላይ ያለው «ስ» እጥፍ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህችን ይረሳል።

ጀማሪ ተማሪ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ቀላል ነገር ልጠይቅ። የሥራ ማመልከቻ ላይ «የአምስት ዓመት ልምድ አለኝ» ለማለትስ? እኔ ከዚህ በፊት በብዙ ቁጥር ኤርፋሩንገን ብዬ ጽፌ ነበር፤ አምስት ዓመት ስለሆነ።

የቃል ዘመድ፦
ልጄ፣ ምን ይቅርታ አለው! እዚያ ላይ በነጠላ ነው፤ በሩፍስኤርፋሩንግ፣ ማለትም የሙያ ልምድ። የሥራ ማስታወቂያዎቻቸው ውስጥ «ሜርየሪገ በሩፍስኤርፋሩንግ» የሚለውን ደጋግመህ ታገኘዋለህ፤ የበርካታ ዓመታት ልምድ ማለት ነው። ዓመቱ ቢበዛም ልምዱ አንድ ክምችት ነው። በብዙ ቁጥር ስትለው የተለያዩ ተሞክሮዎች ይሆናል፤ «ሽሌኽተ ኤርፋሩንገን» ካለህ ያ ሰው ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ክፉ ነገር አይቷል። ማመልከቻ ላይ ብዙ ቁጥሩ ትርጉሙን ያላላዋል።

ልምድ ያለው ለማለት ደግሞ ቅጽሉ ራሱ ኤርፋረን ነው፤ ከግሱ ጋር አንድ ዓይነት ይጻፋል። የነርሷ አራተኛ «ኤክስፒሪየንስ» በዚህ ይፈታል፤ «ኤርፋረነ ክራንከንሽቬስተር»።

ዝምተኛው፦
የጋሼን መልስ አከብራለሁ፤ ሥር ፍለጋው ግሩም ነው። ግን ሦስተኛው «ኤክስፒሪየንስ» ላይ ይህን መንገድ ብትከተል ትወድቃለች ብዬ እፈራለሁ።

በአማርኛው መንገድ ከሄድን «የማልረሳት ገጠመኝ» ነው። ስለዚህ «አይን ኡንፌርጌስሊኸስ ኤርሌብኒስ»፤ የማይረሳ ኤርሌብኒስ። ይህን ሐረግ ጀርመንኛ ተናጋሪ የት ነው የሚያገኘው? የጉዞ ማስታወቂያ ላይ። የፊኛ በረራ ስጦታ ካርድ ላይ። ኤርሌብኒስ የንግዱ ዓለም ከወሰደው ቆይቷል፤ ተንሸራታች ያለው የመዋኛ ስፍራ ኤርሌብኒስባድ ነው፣ የገበያ ደስታ አይንካውፍስኤርሌብኒስ ነው። አሁን ይህን ቃል ሰው እየሞተ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ እጁን ይዛ ያደረች ነርስ አፍ ላይ አስቀምጡት። እኔ ጆሮዬ አይቀበለውም።

ደግሞ በአማርኛውም ቢሆን እውነቱን እንነጋገር፤ «ገጠመኝ» ስንል ለወዳጅ የምናወጋው ነገር ነው የሚመስለን። የእናቱን ሞት «ገጠመኜ» የሚል ሰው አላውቅም። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት የሚመሳሰሉት በትርጉም ብቻ አይደለም፣ በቅለታቸውም ጭምር ነው። ጋሼ ያሳዩን መንገድ ትክክል ነው፤ የቃሉን ክብደት ግን ለብቻ መመዘን ያስፈልጋል።

የቃል ዘመድ፦
ልክ ነህ። ይህን ሳልል ቀረሁ፤ እኔም ያንን ሐረግ እዚያ አላስቀምጠውም ነበር።

የማለዳ ጤዛ፦
እኔ የመድኃኒት መግለጫ ወረቀት ነው የምተረጉመው። ስለዚህ ስለ ግሱ ልናገር፤ በሥራዬ ብዙ ጉዳት ያየሁት እሱ ላይ ነው።

ኤርፋረን በዕለት ተዕለት ጀርመንኛ መጀመሪያ ጆሮ ላይ የሚመጣው ትርጉሙ «ሰማሁ፣ ወሬ ደረሰኝ» ነው። «ኢኽ ሃበ ኤርፋረን» ብሎ የጀመረ ሰው ቀጥሎ የሚነግራችሁ ዜና ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት «ታካሚዎች ማዞር ሊሰማቸው ይችላል» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር መጣልኝ፤ ግሱ ያው ኤክስፒሪየንስ ነበር። እኔ ኤርፋረን ብዬ ገባሁበት። ማዞር በጀርመንኛ ሽቪንደል ነው፤ ሽቪንደል ደግሞ ማጭበርበርም ማለት ነው። አራሚዋ ቀይ አስምራ መለሰችልኝ፤ ሲነበብ ታካሚዎቹ ስለ አንድ ማጭበርበር የሰሙ ይመስላል። እጄ ላይ ያለው የሰው ጤና ስለሆነ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ትክክለኛው አሠራር ሰውየውን ከባለቤትነት ማውረድ ነው። «ኤስ ካን ሱ ሽቪንደል ኮመን»፤ ማዞር ሊመጣ ይችላል። ወይም አውፍትሬተን በሚለው ግስ፤ መከሰት። በጀርመን መግለጫ ወረቀቶች ላይ የጎንዮሽ ጉዳት ድግግሞሽ ሲነገር እንኳ «በጣም የተለመደ» የሚለው «ከ10 ታካሚዎች ከ1 በላይ ሊነካ ይችላል» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ግሱ በትሬፈን ነው። ሕመሙ ነኪ፣ ሰው ተነኪ። የኛው «አመመኝ»፣ «ራበኝ»፣ «አዞረኝ» እኮ እንደዚያው ነው! እንግሊዝኛው ሰውየውን ፊት ያቆመዋል፤ አማርኛና የጀርመንኛው መግለጫ ወረቀት ግን ሕመሙን ነው ፊት የሚያቆሙት።

የነርሷ ሁለተኛ «ኤክስፒሪየንስ» ላይ ግን ይህን አላደርግም። እዚያ ሰው ሕመሙን እንዴት እንደሚሰማው ነው የምታወራው። እኔ ኤምፕፊንደን እላለሁ፤ ውስጥን የሚነካ፣ ስሜት ያለው ግስ ነው።

ዝምተኛው፦
ስለ ሽቪንደል ያነሳሽው ልክ ነው። ግን አንባቢ ኤርፋረን ከወሬ መስማት ውጪ እንደማይሆን እንዳይወስደው። ከፍ ባለ ጽሑፍ ውስጥ ኤርፋረን ከረቂቅ ስሞች ጋር በደንብ ይሄዳል፤ ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ አድልዎ፣ በደል። «ኡንተርሽትዩትሱንግ ኤርፋረን» ድጋፍ ማግኘት ነው፤ ፍጹም ትክክል ነው። አድልዎ የደረሰባቸውን ሰዎች በተመለከተማ ዲስክሪሚኒሩንግስኤርፋሩንግ የሚለው ቃል ዛሬ በጥናቱም በጋዜጣውም የተለመደ ነው። የሚከብደው ከአካል ስሜት ጋር ሲገጥም ነው።

ሌላ ደግሞ ቪደርፋረን የሚባል ግስ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው። ሰውየው በተቀባይ ሙያ ይመጣል። «ኢር ኢስት ኡንሬኽት ቪደርፋረን»፤ ግፍ ደረሰባት። ቃል በቃል የኛ «ደረሰባት» ነው፤ መድረስም መንገድ አለበት፣ ፋረንም መንገድ ነው። ኪሳራና ጉዳት ሲሆን ደግሞ ኤርላይደን አለ።

የማለዳ ጤዛ፦
ተቀብያለሁ፤ እኔ ከመግለጫ ወረቀት ዓለም ብቻ ነው ያየሁት። ቪደርፋረንን አንድም ቀን ተጠቅሜበት አላውቅም፤ ከዛሬ ጀምሮ አስታውሰዋለሁ።

የጥያቄ ምልክት፦
ለሚያልፍ ሰው፦ በቪዲዮ ጨዋታ ያሉት የልምድ ነጥቦች ኤርፋሩንግስፑንክተ ናቸው። እዚያ ምንም ጭቅጭቅ የለም።

ጀማሪ ተማሪ፦
እኔ ደግሞ ሞት አፋፍ ደርሰው ስለተመለሱ ሰዎች በጀርመንኛ ሳነብ አንዱ ናቶድኤርፋሩንግ፣ ሌላው ናቶድኤርሌብኒስ ይላል። የቱ ነው ስህተት?

ዝምተኛው፦
ሁለቱም ይሠራበታል፤ ስህተት የለም። ሰውየው ያየውን ብርሃን፣ የሰማውን ድምፅ ቢተርክ ኤርሌብኒስ ያስኬዳል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሕይወት ያለው አመለካከት መቀየሩ ከሆነ ጉዳዩ ኤርፋሩንግ ይጠጋዋል። ድንበሩ አጥር የለውም። እንዲህ ሲያጠራጥርህ ዴ ቬ ዴ ኤስ የሚባለውን የበርሊን-ብራንደንቡርግ አካዳሚ ዲጂታል መዝገበ ቃላት ክፈትና ቃሉ ከየትኞቹ ቃላት ጋር እንደሚውል እይ። በነፃ ነው። ትርጉም ብቻ ከሚሰጥ መዝገበ ቃላት ይልቅ የቃሉን ባልንጀሮች የሚያሳይህ ይበልጥ ይጠቅምሃል።

የመጽሐፍ ትል፦
ዘግይቼ ገባሁ፤ ግን ነርሷ ስለምትጽፈው ነገር ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ኤርሌብኒስ ወጣት ቃል ነው። ኤርሌበን የሚለው ግስ ቀደም ብሎ የነበረ ቢሆንም፣ ፈላስፋው ሃንስ-ጌዮርግ ጋዳመር በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዋና ሥራው እንዳሳየው ስሙ የተለመደው በ1870ዎቹ ነው። ሌላው ፈላስፋ ቪልሄልም ዲልታይ ደግሞ ትልቅ የፍልስፍና ቃል አደረገው፤ ሰው በውስጡ በቀጥታ የሚኖረው፣ ገና በሐሳብ ያልተሰነጠቀ ነገር ለማለት። ፈላስፋው ካንት ስለ ዕውቀት ምንጭ ሲጽፍ የተጠቀመው ግን ኤርፋሩንግን ነው። እንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ለሁለቱም ያላቸው ያው አንድ ቃል ስለሆነ ለኤርሌብኒስ «የተኖረ» የሚል ቅጽል ጨምረው ለመለየት ተገደዱ። እኛ አሁን ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ ስንሄድ የምንደክምበትን መንገድ እነሱ በተቃራኒው አቅጣጫ ደክመውበታል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ጀርመናዊው ጸሐፊ ቫልተር ቤንያሚን ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱት ወታደሮች ዝም ብለው መምጣታቸውን ያስተውላል። ያዩት ነገር ብዙ ሆኖ ሳለ ለሌላ ሰው ሊያወርሱት የሚችሉት ኤርፋሩንግ ግን ድህነት ሆነባቸው ይላል። ይኸው ነው ልዩነቱ! ኤርሌብኒስ ሞልቶ ኤርፋሩንግ ሊጎድል ይችላል። ሰው የደረሰበት ነገር ሁሉ ልምድ አይሆንለትም። በተቃራኒው በዚያው ዘመን ብሔርተኞቹ ጸሐፊዎች ፍሮንትኤርሌብኒስ እያሉ የጦር ግንባሩን ያሞግሱበት ነበር፤ ስለዚህ ያ ቃል ዛሬም ከጦርነት ጋር ሲገጥም ታሪክ ተሸክሞ ይመጣል።

ሰማያዊ ብዕር ሆይ፣ ነርሷ ስለዚያች ሌሊት ዝም ያለችባቸውን ቦታዎች አስተውይ። ዝምታዋን በስም አትሙይባት።

ሰማያዊ ብዕር፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ይህን ሁሉ አልጠበቅኩም። የመጽሐፍ ትል ያለውን ሳነብ ተመልሼ ገጹን ከፈትኩት፤ እውነትም ስለዚያች ሌሊት ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አልጻፈችም።

ሌላ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ወደ መጨረሻ ላይ ሐዘን የደረሰባቸው ቤተሰቦች ስለሚገናኙበት ማኅበር ትናገራለች። «የተኖረ ኤክስፒሪየንስ ያላቸው ሰዎች» ትላቸዋለች። «ጌሌብተ ኤርፋሩንግ» ልበል?

ዝምተኛው፦
ያ አነጋገር አሁን አሁን ይታያል፤ ግን የእንግሊዝኛው ጥላ ነው። ጀርመኖች የራሳቸው የቆየ ቃል አላቸው፦ በትሮፈነ። የማለዳ ጤዛ ያነሳችው የበትሬፈን ልጅ ነው፤ የተነካ፣ ነገሩ የደረሰበት። አማርኛው ቁርጥ «የደረሰባቸው ሰዎች»።

የማለዳ ጤዛ፦
በትሮፈነ እኔ ጋ ሁልጊዜ ይመጣል፤ ትክክልም ነው። ግን አንድ ነገር ቅር ይለኛል። በትሮፈነ ሲባል ሰውየው የተጎዳበት ብቻ ነው የሚታየኝ። እንግሊዝኛው ግን እነዚህ ሰዎች ያሳለፉት ነገር ዕውቀት ሆኗቸዋል፣ ሌላውን ይረዱበታል ማለት ይፈልጋል። በአእምሮ ሕክምናው መስክ «ኤክስፐርተን አውስ ኤርፋሩንግ» ይላሉ፤ ካሳለፉት የተነሳ ዐዋቂ የሆኑ። ማኅበሩ ምን ይሠራል? አዲስ ሐዘንተኛ ሲመጣ ያስተናግዳሉ?

ሰማያዊ ብዕር፦
አዎ፤ አዲስ የመጣውን ከቆዩት አንዱ አጠገቡ ተቀምጦ ነው የሚያዋየው። እሷ የምታደንቃቸውም ለዚህ ነው።

የማለዳ ጤዛ፦
እንግዲያው በትሮፈነ ብቻውን አይበቃም። ቃሉን በአንድ ሐረግ ዘርዝሪው፦ «ሜንሸን፣ ዲ ዳስ ዘልብስት ዱርኽገማኽት ሃበን»። ይህንን ራሳቸው ያለፉበት ሰዎች። ዱርኽማኸን በመከራ ውስጥ አልፎ መውጣት ነው፤ ሰው በአፉ የሚለው ግስ ነው፣ ነርስም ትለዋለች። የተመሰከረለት ማዕረግ አይመስልም፣ ግን ማለፋቸውን ይናገራል።

የቃል ዘመድ፦
ይህ በጣም ጥሩ ነው። «ያለፉበት» የሚለውን አማርኛችንን ያዢው እህቴ፤ ከልምድም ከገጠመኝም በላይ እዚህ ጋ የሚያገለግልሽ እሱ ነው።

ስለ ድግግሞሹ ግን ያልተነጋገርንበት ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ «ሆን ብላ ደጋግማዋለች» ብለሽ ነበር። እኔ እጠራጠራለሁ። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁሉ ያለው የተለመደ ቃል አንድ ስለሆነ ብቻ እጇ ላይ ደጋግሞ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ለማወቅ ሌሎች ገጾቿን እይ። ሌላ ምርጫ እያላት የምትደጋግመው ቃል አለ? ካለ የእሷ ድግግሞሽ ያ ነው፤ መጠበቅ ያለብሽም ያንን ነው።

ሰማያዊ ብዕር፦
ጋሼ፣ ትናንት ማታ ሙሉ ጽሑፉን በዚህ ዓይን አነበብኩት። እርስዎ እንዳሉት ነው። የምትደጋግመው ቃል «እጅ» ነው። የታካሚው እጅ፣ የልጁ እጅ፣ የራሷ እጅ። መዳፍ ወይም ጣት ማለት በምትችልበት ቦታ ሁሉ እጅ ነው ያለችው።

አንቀጹን እንደገና ሠራሁት፦

«ናኽ ማይነር ኤርፋሩንግ ኤምፕፊንደት የደር ሜንሽ ሽሜርትስ አንደርስ። የነ ናኽት አበር ፌርጌሰ ኢኽ ኒ። ዳናኽ ጋልት ኢኽ አልስ ኤርፋረነ ክራንከንሽቬስተር።»

ሦስተኛው ላይ ስሙን ጨርሼ አወጣሁት፤ «ያቺን ሌሊት ግን መቼም አልረሳትም» ብቻ። ከአራቱ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ስም፣ አንዱ ቅጽል። ለጓደኛዬ ያለ ምንም ማብራሪያ ላክሁላት። የመለሰችልኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «በዚያች ሌሊት ምን ሆነ?» አለችኝ።

ዝምተኛው፦
ቆንጆ ነው። ማሻሻያ ባይሆንም አንድ ማረጋገጫ፦ በጀርመን ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ የሙያው መጠሪያ ተቀይሯል፤ ዛሬ የምትመረቅ ሴት ፕፍሌገፋኽፍራው ትባላለች። የጡረታ ነርስ ስለ ድሮዋ ስታወራ ግን ክራንከንሽቬስተር ነው ትክክሉ። አራሚ ቢነካብሽ ተከራከሪ።

የቃል ዘመድ፦
እጁንስ በጀርመንኛው ጠብቀሽዋል?

ሰማያዊ ብዕር፦
ሃንድ ያው ሃንድ ስለሆነ አያስቸግርም ነበር። ግን ረቂቄን ሳየው ሁለት ቦታ ላይ፣ ቃሉ እንዳይሰለች ብዬ «ጣቶች» አድርጌው አገኘሁት። አንደኛው እዚያችው ሌሊት ላይ ነው። አሁን ሁለቱንም ወደ ሃንድ መልሻቸዋለሁ።